ከማኅተም እስከ የጋራ ማተሚያ፦ ስለ አንድ ስያሜ ታሪክ

መግቢያ

በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ከተማ የሚገኝ አንድ ቤት ለምሳሌ እንውሰድ። አባት የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ በዊንዶውስ የሚሠራ የቆየ ኮምፒዩተር አላቸው። እናት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ሲሆኑ፣ ተማሪዎቻቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሚፈተኑበትን ጥያቄ የሚጽፉት በእጅ ስልካቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጃቸው በሊኑክስ የሚሠራ ላፕቶፕ ይዟል። በቤቱ ያለው ማተሚያ ግን አንድ ብቻ ነው። እነዚህን በዓይነት የተለያዩ መሣሪያዎች ከአንድ ማተሚያ ጋር ማገናኘት ቀድሞ የባለሙያ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን የቤተሰቡ ሥራ ሆኗል። ልጁ ከሚማርበት ከተማ ደውሎ እናቱን ሲያስረዳ የሚናገረው አማርኛ በግምት ይህን ይመስላል፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ ድራይቨሩን ጫኚ፤ ከዚያ ፕሪንተሩን በኔትወርኩ ሼር አድርጊው።» በዚህ ንግግር ውስጥ የአማርኛ ሆነው የቀሩት አያያዥ ቃላቱና ግሶቹ ብቻ ናቸው፤ መሣሪያውም ሆነ አሠራሩ የተጠራው በባዕድ ስም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚህ ተራ የቤት ውስጥ ሥራ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ስያሜዎች ከየት እንደመጡ መመርመር፣ እርስ በርሳቸው ከሚፎካከሩትም መካከል የትኛው ቢመረጥ እንደሚሻል ሐሳብ ማቅረብ ነው። ጸሐፊው የሚያስረዳው ዋና ነጥብ አንድ ነው፤ ይኸውም የተለያዩ ኮምፒዩተሮች በአንድ ማተሚያ ሊጠቀሙ የቻሉት ሽቦ ስለተዘረጋላቸው ሳይሆን፣ በመጀመሪያ በፊደል ምልክቶች፣ ቀጥሎም በመነጋገሪያ ደንብ ስለተስማሙ ነው የሚል ነው። የስያሜ ሥራም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም።

1. «አተመ» የሚለው ግስ ጉዞ

እንደሚታወቀው «አተመ» የተገኘው ከግዕዙ «ኀተመ» ነው። የጥንት ትርጉሙም «በማኅተም ዘጋ፣ ማኅተም አሳረፈ» ማለት ነው። የደብዳቤን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው የላኪው ማኅተም በመሆኑ፣ ግሱ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት አካባቢ ክብደት ያለው ቃል ነበር። በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። የኅትመት ጥበብ ወደ አገራችን ሲገባም አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም። ቀለም የተቀባ ቅርጽ በወረቀት ላይ ተጭኖ ምስሉን ሲተው የሚታየው ድርጊት፣ ማኅተም ሲያርፍ ከሚታየው ድርጊት ጋር አንድ ነውና አሮጌው ግስ ለአዲሱ ሥራ በቃ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም «ማተሚያ» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ ቦታውን ይዟል።

ከዚያ በኋላ ግሱ ሁለት ትርጉሞችን አብሮ ተሸከመ። «መጽሐፉ ታተመ» ስንል ለንባብ በቃ፣ ለሕዝብ ቀረበ ማለታችን ነው። «ገጹ ታተመ» ስንል ግን ምስሉ በወረቀት ላይ ወጣ ማለት ብቻ ነው። ተርጓሚ የሆነ ሁሉ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ያለ ዐውድ የትኛው እንደተፈለገ መለየት ያስቸግራልና።

በመካከሉ የጽሕፈት መኪና ዘመን አለ። ከጠላት ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ከደከሙበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤ አይታተምም ነበር፤ ታይፕ «ይመታ» ነበር እንጂ። ቅጂው ብዙ እንዲሆን ሲፈለግ በስቴንስል ተጽፎ በማባዣ ይባዛ ነበር። ስለዚህ መታ፣ አባዛ፣ አተመ የሚሉት ሦስት ግሶች በሦስት መሣሪያዎች መካከል ሥራ ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ሦስቱም ሥራዎች በአንድ መሣሪያ ተጠቃለሉ፤ ተናጋሪውም ከሦስቱ አንዱን በመምረጥ ፈንታ «ፕሪንት አደረገ» ማለትን መረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ከኮምፒዩተር የወጣ ደብዳቤ ክብ ማኅተም ካላረፈበት ደብዳቤ አይባልም። ስለዚህም «ታተመ» እና «ማኅተም» የተባሉት የአንድ ሥር ልጆች ዛሬም በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ አንዱ ጽሑፉን ያወጣዋል፣ ሌላው ያጸድቀዋል። ሥሩ ሕያው ሆኖ ሳለ ለዚሁ ሥራ ባዕድ ግስ መዋስ የሚያስፈልግበት ምክንያት አይታይም።

2. «አታሚ» ወይስ «ማተሚያ»?

ወደ አማርኛ በተመለሱት የኮምፒዩተርና የስልክ ፕሮግራሞች መሣሪያው በብዛት የሚጠራው «አታሚ» ተብሎ ነው። የቃሉ አመሠራረት ስሕተት የለበትም፤ ግን ያረፈበት ቦታ ያጠያይቃል። በአማርኛ ሥርዐት «ጸሐፊ»፣ «አንባቢ»፣ «ፈራጅ» የሚሉት አድራጊውን ሲያመለክቱ፣ «መጻፊያ»፣ «መጥረጊያ»፣ «መክፈቻ» የሚሉት ደግሞ ድርጊቱ የሚፈጸምበትን መሣሪያ ያመለክታሉ። የቀደመው ትውልድ የሠራቸውን የመሣሪያ ስሞች ብናይ፣ ማባዣ፣ ማቀዝቀዣ፣ ማጉሊያ እያሉ ሁሉም ይህንኑ ሁለተኛ መንገድ የተከተሉ ናቸው።

ከዚህም በላይ «አታሚ» ባዶ ቦታ አይደለም። በመጻሕፍት የውስጥ ገጽ ላይ «አሳታሚ» እና «አታሚ» ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው ወጪውን ችሎ መጽሐፉን ለሕዝብ የሚያቀርበው ነው፣ ሁለተኛው በመኪናው የሚያትመው ድርጅት ነው። ሁለቱም በሕግ ፊት ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች ወይም ድርጅቶች ናቸው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን ሣጥን በዚሁ ስም መጥራት ዕቃውን የሰው ቦታ መስጠት ይሆናል።

«ማተሚያ» በሚለው ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ቃሉ ማተሚያ ቤትን ያስታውሳል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ነገር ግን ተናጋሪው ድርጅቱን ሲፈልግ «ማተሚያ ቤት» ብሎ «ቤት» የሚለውን ስለሚጨምር፣ ብቻውን የቆመው «ማተሚያ» ለመሣሪያው ነጻ ነው። ስለዚህ «ማተሚያ» ቢጸና ይመረጣል።

3. ፊደል ካልተስማማ ማተሚያ አይጋራም

አሁን ከስያሜው ወደ አሠራሩ ታሪክ እንሻገር። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚይዘው በቍጥር ነው። የጥንቶቹ ፕሮግራሞች ለፊደላት የነበራቸው ቦታ 256 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ በላቲን ፊደልና በመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዘ ነበር። የእኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዐተ ነጥቦቹ ገና አልተቈጠሩም። በመሆኑም እንደ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ብራና ያሉትን የጽሕፈት ሥርዐቶች ያዘጋጁ ባለሙያዎች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የኢትዮጵያን ፊደል ማስቀመጥ፣ አንዳንዴም ገበታውን ለሁለትና ከዚያ በላይ ከፍሎ ማደል ግድ ሆነባቸው። እያንዳንዱ የራሱን ድልድል ስላወጣ፣ በአንዱ «ሰ» የሆነው ቍጥር በሌላው ሌላ ፊደል ሆነ።

ውጤቱን በዚያ ዘመን በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው አይረሳውም። ማተሚያው የተያያዘው ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር ነው፤ ጽሑፉ የተጻፈው በሌላው ላይ ነው። ጽሑፉ በዲስኬት ተወስዶ ማተሚያው ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት፣ ያው የጽሕፈት ሥርዐት እዚያ ከሌለ፣ ደብዳቤው ነጥብና ጭረት የተደረደረባቸው የላቲን ፊደላት ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ኮምፒዩተሮቹ በሽቦ ተያይዘው ገጹ በላኪው ላይ ተስሎ ካለቀ በኋላ የሚላክ ከሆነ ግን ማተሚያው የሚቀበለው ሥዕል ስለሆነ ፊደሉ ደኅና ይወጣል። ልዩነቱ ጥቃቅን ይመስላል፤ ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። በምልክቶቹ ካልተስማሙ ሁለት ወገኖች መካከል ሊተላለፍ የሚችለው ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም።

ስምምነቱ የመጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን መደበ፤ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ ቋሚ ቍጥር አገኘ። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው 4.1 እትም እንደ ሰባት ቤት ጉራጌ፣ ብሊንና ሜኤን ላሉ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ተካተቱ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን የኢትዮጵያ ፊደል ቅርጽ ይዞ በመምጣቱ፣ ሰው ለብቻው የፊደል ፕሮግራም ሳይገዛ በአገሩ ፊደል የሚጽፍበት ሁኔታ ተስፋፋ።

ይህ ታሪክ በአዊ ምድር የተለየ ትርጉም አለው። በአማርኛ አንዳንዱ አዊኛ፣ ሌላው አገውኛ የሚለው የአካባቢው ቋንቋ በተናጋሪዎቹ «አውጚ» ይባላል። በስሙ ውስጥ ያለው የላንቃ ጀርባ የአፍንጫ ድምፅ በአማርኛ ራሱን የቻለ ድምፅ ስላልሆነ የአማርኛ ፊደል ገበታ አያውቀውም፤ የሚጻፈውም በ«ገ» ላይ ምልክት በመጨመር በተገኘው በ«ጘ» ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1905 እ.ኤ.አ. ስለ ዳንግላው አዊኛ ማስታወሻውን ሲያሳትምና ሮበርት ሄትዝሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ስለ ግሶቹ ሥርዐት መጽሐፉን ሲያወጣ በላቲን ፊደል ስለጻፉ ይህ ችግር አልገጠማቸውም። ቋንቋው የትምህርት ቋንቋ ሆኖ በኢትዮጵያ ፊደል መጻፍ ሲጀምር ግን፣ በቅድሚያ ለአማርኛ፣ ለግዕዝና ለትግርኛ ታስበው በተሠሩ የጽሕፈት ሥርዐቶች «ጘ» ቦታ ማግኘቱ የሚያስተማምን አልነበረም። ጸሐፊው ፊደሉን ሲያጣ አንዴ «አውኚ»፣ አንዴ «አውንጊ» እያለ በአቅራቢያው ባለው ተካው። በዩኒኮድ 3.0 ከተመደቡት 345 ምልክቶች መካከል ግን «ጘ» ከነቤተሰቡ አለ።

እንግዲህ በመግቢያው ወደ ጠቀስናት መምህርት እንመለስ። ለፈተናው ወረቀት የሚጽፉት የመጀመሪያው ቃል የትምህርቱ ስም ነው። ከስልካቸው እስከ ማተሚያው ባለው መንገድ ላይ «ጚ» የጠፋበት አንድ ቦታ ቢኖር፣ ልጆቹ የሚያዩት የቋንቋቸውን ስም ሳይሆን መካከሉ ላይ ባዶ ሣጥን የተሣለበት ቃል ይሆናል።

4. «የጋራ»፣ «የወል» እና «የተካፈሉት»

የእንግሊዝኛው «ሼር» በአማርኛ ለሁለት ይከፈላል። እንጀራ ቈርሰው የበሉ፣ ርስት የተከፋፈሉ ወንድማማቾች «ተካፈሉ» ይባላል፤ የተካፈሉት ነገር እየተቀነሰ ለየግል ይሆናል። አንድ ምንጭ የሚቀዱ ጎረቤታሞች ግን ውኃውን «በጋራ ይጠቀማሉ»፤ ምንጩ አይከፋፈልም። ማተሚያ እንደ ምንጩ እንጂ እንደ እንጀራው ስላልሆነ «ያካፈሉት ማተሚያ» ማለት አያስኬድም።

«የወል» የሚለውም መልካም ቃል ነው፤ የወል ግጦሽ፣ በሰዋስውም የወል ስም እንላለን። ይሁን እንጂ የወል የሆነ ነገር የተለየ ባለቤት የለውም። በቤት ውስጥ ያለው ማተሚያ ግን ብዙ ጊዜ የአንዱ ሆኖ ሌሎቹ በፈቃዱ የሚገለገሉበት ነው። «የጋራ» ሁለቱንም ይሸከማል፤ «የጋራ መኖሪያ ቤት» በሚለው ሐረግ ውስጥ የግሉና የኅብረቱ አብረው እንደሚኖሩ ሁሉ።

በፕሮግራሞች ላይ የሚታየው «የተጋራ አታሚ» የሚለው አገላለጽ ያለቀ ድርጊትን ያመለክታል፤ ተፈላጊው ግን ጸንቶ የሚኖር ሁኔታ ነው። ስለዚህ ለድርጊቱ «አጋራ»፣ ለመሣሪያው «የጋራ ማተሚያ» ቢባል ይሻላል።

የሚያገናኘውን ነገር በተመለከተ «አውታረ መረብ» የሚለው ጥምር ቃል ተለምዷል። «አውታር» በግዕዝ የ«ወተር» ብዙ ሲሆን የበገናና የክራር ክሮች የሚጠሩበት ነው፤ ስለዚህ ጥምረቱ «የመረብ ክሮች» ማለት ይሆናል። ቃሉ የሚያምር ቢሆንም ለቤት ውስጥ ረዥም ነው። ኢንተርኔት «በይነ መረብ» ከተባለ፣ ማለትም በመረቦች መካከል ያለ ከሆነ፣ አንዱ ክፍል ራሱ «መረብ»፣ በቤት ውስጥ ያለውም «የቤት መረብ» ሊባል ይገባል።

ከሦስት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ የተላኩ ገጾች ተራቸውን የሚጠብቁበትን ስፍራ ደግሞ «ሰልፍ» ብሎ መተርጎም ወታደርንና አደባባይን ያስታውሳል። በወፍጮ ቤትና በቦኖ ውኃ ዘንድ የሚነገረው «ወረፋ» ግን ነገሩን በትክክል ይገልጸዋል። ወረፋ የሚይዘው ቀድሞ የደረሰው ነው፤ ወረፋውን የሚያስጠብቅ አንድ አካልም ይኖራል። ማተሚያው ከአንድ ኮምፒዩተር ጋር በሽቦ ተያይዞ በእሱ በኩል ለሌሎች የሚያገለግል ከሆነ፣ ወረፋ አስጠባቂው ያ ኮምፒዩተር ስለሆነ እሱ ሲጠፋ አገልግሎቱ ይቋረጣል። ማተሚያው ራሱ በቀጥታ ወደ ቤቱ መረብ ከገባ ግን ማንም ኮምፒዩተር በርቶ እንዲቆይ አያስፈልግም።

5. «ነጂ» ሳይሆን «አስተርጓሚ»

ከስያሜዎቹ ሁሉ አሳሳቹ «ነጂ» ወይም በተራው አነጋገር «ድራይቨር» የሚለው ነው። ቃል በቃል የተመለሰ ስለሆነ ሥራውን አይናገርም። ይህ ፕሮግራም የሚነዳው ነገር የለም። ሥራው ኮምፒዩተሩ የሚናገረውን ማተሚያው በሚገባው ቋንቋ መመለስ ነው፤ ይህን የሚሠራ ሰው ደግሞ በአማርኛ ከጥንት ጀምሮ አስተርጓሚ ይባላል።

የተለያዩ ኮምፒዩተሮች ባሉበት ቤት አንድ ማተሚያ ለአንዱ ታዞ ለሌላው እምቢ የሚለው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ለዊንዶውስ የተዘጋጀው አስተርጓሚ ለሊኑክስ አያገለግልም፤ ለስልክም እንዲሁ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥንድ አዲስ አስተርጓሚ መቅጠር ሳይሆን ሁሉም የሚናገሩት አንድ የጋራ ቋንቋ ማበጀት ሆነ። በመረብ ላይ የማተሚያ መነጋገሪያ የሚሆነው ደንብ የመጀመሪያ እትም የወጣው በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት «ካፕስ» የተባለው የኅትመት ሥርዐት የሙከራ እትሞችም ለሕዝብ ቀረቡ፤ አፕል በ2002 እ.ኤ.አ. ለኮምፒዩተሮቹ ተቀበለው፤ ሊኑክስም ይሠራበታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፕል ከስልክ በቀጥታ ማተም የሚያስችለውን አሠራር አስተዋወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ይህን አሠራር በተለመደው ስያሜ «ያለ ነጂ ማተም» ብለን ብንመልሰው፣ አንባቢው ሾፌር የሌለውን መኪና አስቦ ይደነግጣል። «ያለ አስተርጓሚ ማተም» ብንለው ግን ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ሁለት ሰዎች ያለ አስተርጓሚ የሚነጋገሩት አንድ ቋንቋ ሲያውቁ ነውና።

6. የስያሜ ፈተና

አንድ ስያሜ የሚፈተነው በቃላት ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በመመሪያ ውስጥ ነው። በተለመዱት ስያሜዎች አንድ ዐረፍተ ነገር እንገንባ፦ «የአውታረ መረብ አታሚውን ለማጋራት ነጂውን ይጫኑ።» «ይጫኑ» የሚለው ግስ ቁልፍ መጫንንም፣ ፕሮግራም ማስገባትንም፣ ጭነት መጫንንም ስለሚያመለክት፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው ነጂውን በጣቱ ይጫነው ወይስ በአህያ ላይ ይጫነው ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ይኸው መመሪያ እንዲህ ቢጻፍስ? «ማተሚያውን በቤቱ መረብ ውስጥ ያስገቡ። ኮምፒዩተርዎ የማተሚያውን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ አስተርጓሚውን ያስገቡ። ከዚያ ማተሚያው የጋራ እንዲሆን ይፍቀዱ። የላኩት ገጽ ካልወጣ ወረፋውን ይመልከቱ።» በዚህ ውስጥ አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም። ሁሉም በቤት፣ በወፍጮ ቤትና በመሥሪያ ቤት የኖሩ ቃላት ናቸው፤ የተደረገው በትክክለኛ ቦታቸው ማስቀመጥ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሲሆን፣ የስያሜ ሥራ የቃላት ብዛት ማሳያ ሳይሆን የመግባቢያ ስምምነት መሆኑ የታወቀ ነበር። ከዚህ በላይ የታየው ታሪክ ይህንኑ ያጸናል። ኮምፒዩተሮቹ በ1999 እ.ኤ.አ. በፊደል ቍጥርና በመነጋገሪያ ደንብ ሲስማሙ የጋራ ማተሚያ በየቤቱ የሚገባበት መንገድ ተከፈተ። በስያሜ ግን እኛ ገና አልተስማማንም፤ ፕሮግራሙ «አታሚ» ይላል፣ መጽሐፉ «ማተሚያ» ይላል፣ ሰውየው «ፕሪንተር» ይላል።

በመጨረሻም ለአማርኛ የቀረቡትን እነዚህን ስያሜዎች እንዳሉ ወደ አውጚ ማጋባት አይገባም። አማርኛ «ነጂ»ን ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ወስዶ እንደተሳሳተ፣ አውጚም «አስተርጓሚ»ን ከአማርኛ ቃል በቃል ቢወስድ ያንኑ ስሕተት ሊደግም ይችላል። ወረፋ የሚያዝበት ወፍጮ፣ በጋራ የሚቀዳ ምንጭና ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎችን የሚያገናኝ ሰው በአዊ ምድርም አሉ፤ ስማቸውንም የሚያውቁት ባለ ቋንቋዎቹ ናቸው። እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ ጥያቄው ለእነሱ ሊቀርብ ይገባል። የእኛ ድርሻ ቃሉን መምረጥ ሳይሆን፣ የተመረጠው ቃል «ጘ» ያለበት ቢሆን እንኳ ሳይጐድል መታተሙን ማረጋገጥ ነው።